የላይም በሽታ አንጎል መድረሱን የደም ምርመራ ብቻውን አይነግረንም

ራሱን የሚያመው፣ የሚረሳሳ ወይም ድካም የበረታበት ሰው በደሙ የላይም አንቲቦዲ ሲገኝ «በሽታው አንጎል ገብቷል» ተብሎ ይደመደማል። ሰውነት ጀርምን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን፣ አንቲቦዲ፣ የሚመሰክረው ግን ሰውነት ጀርሙን አንድ ጊዜ መተዋወቁን ነው፤ ከዳኑ በኋላም ለዓመታት በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። በዚህ የደም ምርመራ ውጤት ብቻ ተመርኩዞ ለወራት አንቲባዮቲክ ማዘዝ መቅረት አለበት።

ላይምን የሚያመጣው ቦሬሊያ የተባለው ጥምዝምዝ ጀርም በመዥገር ንክሻ ይገባል። ካልታከሙት ከ10 እስከ 15 በመቶ በሚሆኑት ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ፣ ነርቭ ይነካል። ፊት በአንድ በኩል ይጣመማል፤ በሁለቱም በኩል ከሆነ ላይምን መጠርጠር ግድ ነው። ማጅራት ገትርም ያስከትላል። በብዛት የሚሳተው የነርቭ ሥር ሕመም ነው፦ ከጀርባ ወደ እግር ወይም ወደ ደረት የሚወረወር፣ ሌሊት የሚብስ፣ ተራ ማስታገሻ የማይበግረው። ፈረንሳውያኑ ሐኪሞች ጋረንና ቡዣዱ በ1922 የጻፉት ይህንኑ ቢሆንም ዛሬም የዲስክ ችግር ነው እየተባለ ይታለፋል። አንጎሉ ወይም ህብለ ሰረሰሩ ራሱ ሲቆጣ ደግሞ፣ ይህ ብርቅ ነው፣ እግር ይገተራል፣ ሚዛን ይጠፋል፣ ሽንት መቆጣጠር ያስቸግራል።

እውነቱ የሚገኘው አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን ከከበበው፣ ከወገብ በመርፌ በሚቀዳው ፈሳሽ ነው። ደሙም በዚያው ቀን ይቀዳ። ፈሳሹ ውስጥ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ ሴሎች መብዛታቸውና ፕሮቲን መጨመሩ ይታያል። አንቲቦዲ ከደም ወደ ፈሳሹ ሊሰርግ ስለሚችል እዚያ መገኘቱ ብቻውን አይበቃም፤ የሁለቱ መጠን ተነጻጽሮ ከሰረገው በላይ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው እዚያው ውስጥ ተሠራ የሚባለው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን አንቲቦዲው ገና ላይኖር ይችላል፤ ያኔ «የለም» የሚል ውጤት በሽታውን አይሽርም። የጀርሙን ዘረመል የሚፈልገው ፒሲአር ምርመራም ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፣ በፈሳሹ ያሉት ጀርሞች ጥቂት ናቸውና።

ሕክምናው አጭር ነው። ለማጅራት ገትሩ፣ ለፊት ነርቭና ለነርቭ ሥር ሕመም ለአዋቂ ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ 100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ከ14 እስከ 21 ቀን በአፍ ይሰጣል። በ2008 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ይህ ሴፍትሪአክሶን ከተባለው የአንቲባዮቲክ መርፌ እንደማያንስ አሳይቷል። አንጎል ወይም ህብለ ሰረሰር ራሱ ሲነካ ግን ሴፍትሪአክሶን 2 ግራም በቀን አንዴ በደም ሥር ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይሰጣል። ከዚህ በኋላ ድካሙ ቢቀጥልስ? በ2001 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አንቲባዮቲክ 30 ቀን በደም ሥር፣ ቀጥሎ 60 ቀን በአፍ ሰጥቶ ከማስመሰያ መድኃኒት የተሻለ ውጤት አላገኘም። በደም ሥር የሚገባው ቱቦ ግን ኢንፌክሽንና የደም መርጋት ያመጣል። ስለዚህ የነርቭ ምልክት ካለ ፈሳሹ እንደገና ይቀዳና ሴሎቹ ይቆጠሩ፤ ከዳኑ በኋላም ከፍ ብሎ የሚቆየውን አንቲቦዲ መከታተል አይረዳም። ሴሎቹ ከጠፉ የድካሙ ምክንያት ከእንቅልፍ መዛባት፣ ከድባቴ፣ ከታይሮይድ ወይም ከደም ማነስ በኩል ይፈለግ።