ከፎቶው ጀርባ ያለችው ቁጥር

ዩኒቨርሲቲዎች የጥናት ጽሑፎችንና የድሮ ፎቶዎችን ስካን አድርገው ስለሚያስቀምጡበት ዲጂታል ማህደር የጻፋችሁትን እዚህ ሐዋሳ ሆኜ አነበብኩት። በጣም ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ፎቶው ብቻውን አይበቃም።

የአባቴ አንድ ፎቶ አለን። ጥቁር ውሃ ድልድይ አጠገብ ቆሞ። ጀርባው ላይ «1968» ብቻ ተጽፏል። ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. አይልም። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ዘመኑ ደርግ ነው። በፈረንጆቹ ከሆነ ገና ጃንሆይ ናቸው። አባቴ አሁን በሕይወት የለም፤ ማንን ልጠይቅ?

የስም ነገርም አለ። አዋሳ፣ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ። በአንዱ ጽፎ የፈለገ ሰው በሌላው የተመዘገበው ላይወጣለት ይችላል። መዝጋቢዎቹ እባካችሁ ሁሉንም አጻጻፍ አስገቡ።

እንዲህ የምጨነቀው ስለ ጨለለቃ ሳስብ ነው። ከከተማችን በስተምሥራቅ ሐይቅ ነበር። ዛሬ ረግረግ ሆኗል። የእርሻ ኮሌጁ እዚህ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ አፈሩ፣ ስለ ደኑና ስለ ውሃው የተሠራው ጥናት ከድሮ ፎቶዎች ጎን ቢቀመጥ፣ ልጆቻችን ውሃው የት ድረስ እንደነበር በዓይናቸው ያያሉ።

ቤታችሁ የድሮ ፎቶ ያላችሁ፣ ለማህደር ከመስጠታችሁ በፊት ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ ጀርባው ላይ በስሱ በእርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ፊት ሊዘልቅ ይችላል።