ግማሽ ቁልፍ ይዞ ማደር

ሦስት ቀን ሙሉ ከዲኤንኤስ (የዶሜይን፣ ማለትም የኢንተርኔት አድራሻ ስም፣ መረጃ ከሚቀመጥበት ሥርዓት) ጋር ስታገል ከረምኩ። በኢሜይል የምልከው እኮ ማስታወቂያ አይደለም፤ ደንበኛ የሚጠብቀው ደረሰኝ ነው! እሱም ስፓም (የአላስፈላጊ መልእክት ሳጥን) ውስጥ ይገባል፣ ወይ ጭራሽ ተመልሶ ይመጣል።

ኤስፒኤፍ (በዶሜይኔ ስም ኢሜይል መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝር መዝገብ) አስገባሁ፤ አልሠራም። ለካ ድሮ የገባ ሌላ ኤስፒኤፍ ነበር። ለአንድ ዶሜይን ሁለት ከሆኑ ሁለቱም ዋጋ የላቸውም፤ ወደ አንድ መጠቅለል አለባቸው።

ዲኪም (ኢሜይሉ ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ፊርማ) ደግሞ ባሰ። ፊርማው የሚረጋገጥበት ባለ 2048 ቢት ቁልፍ ዲኤንኤስ በአንድ ቁራጭ ከሚቀበለው 255 ፊደል ስለሚበልጥ ተከፋፍሎ መግባት አለበት። ዶሜይኑን የማስተዳድርበት ገጽ ግን ጫፉን ቆርጦ ዝም! ስህተት አለ እንኳን አይልም። እኔ ግማሽ ቁልፍ ይዤ ሰርቨሩን ስጠረጥር አደርኩ። አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ መጻፍ ይህን ያህል ይከብዳል?

ዲማርክ (በእነዚህ ፍተሻዎች የወደቀ ኢሜይል ምን ይደረግ የሚለው መመሪያ) ገና አልተነካም። ደረሰኝ የሚጠብቁት ሰዎች ደግሞ አሁንም እየደወሉ ነው።