«ወሎዬ አትመስዪም»

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለዕረፍት ደሴ መጣች። አቦል ጠጥተን ቶናው ሲጣድ ስልኳን አንስታ ራሷን መቅረፅ ጀመረች። ፊቷን የሚያቀላ ፊልተር ነው የምትጠቀመው። ልጅቱ ጠቆር ያለች ናት።

«መልክሽ ምን አጠፋ?» አልኳት።

«ዶርም ውስጥ ‹ወሎዬ አትመስዪም› ይሉኛል» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

እዚሁ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር ተወልዳ፣ የጦሳን ተራራ እያየች ያደገች ልጅ ናት። ታዲያ ማንን ትምሰል?

በጓደኞቿ አልፈርድም። ወሎን የሚያውቁት በክሊፕ ነው። እዚያ ላይ የወሎ ልጅ ሁሌም ቀላ ያለች፣ ሹሩባ የተሠራች፣ እስክስታ የምትወርድ ቆንጆ ናት። በዘፈናችን እኮራለሁ፤ ባቲና አምባሰል እኮ የሀገር ቅኝት የሚጠራባቸው ስሞች ናቸው። ግን ሙገሳውም እንደ ልብስ ልክ አለው፤ ልኳ ያልሆነ ልጅ መስታወት ፊት ትቀራለች።

እኔ ያደግኩት በሌላ ምስል ነው። በ1966 ጥቅምት እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የተደበቀውን የወሎን ረሃብ ለዓለም አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀናብሮ በእኛው ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። በጥቅምት 1977 ደግሞ የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም የረሃብ ዘገባውን ላከ። እነዚያ ካሜራዎች ባይመጡ ኖሮ ስንቱ በዝምታ ባለቀ! የሚያመኝ መታየታችን አይደለም። የሚያመኝ፣ ረሃቡ ሲያልፍ ኑሯችንን ብሎ የመጣ ካሜራ መጥፋቱ ነው።

በሰማንያዎቹ አዲስ አበባ ሥራ ስጀምር «የወሎ ልጅ ነኝ» ስል ሰዉ ከንፈሩን ይመጥልኝ ነበር። ስለዚህ «ከደሴ ነኝ» ማለት ለመድኩ። ደሴ ሲባል ሰው ከተማ ነው የሚያስበው፣ ረሃቡ አይታወሰውም ብዬ። የአገሬን ስም ከአፌ ያስጣለኝ በቲቪ የታየው ምስል ነው። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ድራማ ለምትሠሩ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ከኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ወጥታ ባጃጅ የምትጠብቅ ሴት አሳዩን። ጠቆር ያለች ትሁን። በራሷ አነጋገር «አብሽሩ» እያለች ታውራ። የቤት ኪራይ ያሳስባት፣ ታፍቅር፣ ትጣላ። አጃቢ ሳትሆን ዋና ገጸ ባሕርይ ትሁን።

የእህቴ ልጅ ያቺን ሴት እስክታያት ድረስ፣ እኔ ፊልተሩን አጥፊ ብላት አትሰማኝም።