አንድ ቀን ባሕር ዳር ለመዋል ይሄ ሁሉ ጣጣ?

የምንሄድበት የሽርሽር መርከብ የሜክሲኮው ደሴት ኮዙሜል ላይ የሚቆመው ለጥቂት ሰዓታት ነው። እኛ ቤት ግን «የት እንዋል» የሚለው ጭቅጭቅ አላልቅ ብሏል። ልጆቹ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን መንሸራተቻ ይፈልጋሉ። ባለቤቴ ጥላ ትላለች። አማቴ ደግሞ «እኔ አሸዋ ላይ አልቀመጥም» ብለዋል። የደሴቱ ምሥራቅ ዳርቻ ሰው አይበዛበትም፤ ማዕበሉ ግን ለልጅ አይሆንም። ስለዚህ ሁሉም ምዕራቡ ላይ ይታጨቃል።

እዚያ ደግሞ ምግቡንም መጠጡንም በአንድ ክፍያ ያጠቃለለ፣ «ሁሉም ተካቷል» የሚሉት ትኬት አለ። ለማን ነው የተካተተው? እኔ አልጠጣም። የምንደርሰው ዓርብ ስለሆነ አማቴ ጾመኛ ናቸው፤ ከዚያ ሁሉ ቡፌ የሚደርሳቸው ሩዝና ሐብሐብ ነው። ክፍያው ግን እንደ ጠጪው እኩል! ታክሲውማ ለብቻው ነው።

ሰዓቱስ? ማያሚ በበጋና በክረምት ሰዓቱን ይቀይራል፤ ኮዙሜል ግን አይቀይርም። በሐምሌ ከማያሚ የሚነሳ መርከብ የማያሚን ሰዓት ከያዘ ደሴቱን አንድ ሰዓት ይቀድማል። ስልክህ ግን ሳይነግርህ የደሴቱን ይይዛል። እሱን አምነህ ከተዝናናህ መርከቡ ጥሎህ እብስ ነው።

ይሄን ሁሉ ሳሰላ አምሽቼ፣ ትንሹ ልጄ ምን ቢል ጥሩ ነው? «መርከቡ ላይም እኮ መዋኛ አለ!»