ለወገን ሲዘፈን፦ የአንድ ሌሊት ኮንሰርት ወይስ የዘፈኑ መብት?

ለተቸገረ ወገን የሚሻለው የኮንሰርት ትኬት ገቢን መስጠት ነው ወይስ ዘፈኑ በተሰማ ቁጥር የሚገኘውን ክፍያ? ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ።

ለኮንሰርቱ የቆመ ተከራካሪ፦
የተራበ ሰው ቀጠሮ አይጠብቅም። ኮንሰርት ገንዘቡን በቀናት ውስጥ ያመጣል። ሙዚቀኞቹ ጆርጅ ሃሪሰንና ራቪ ሻንካር እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1971 በኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለባንግላዴሽ ስደተኞች ሁለት ጊዜ መድረክ ላይ ወጡ። ከትኬት የተሰበሰበው ወደ 243,000 ዶላር በዚያው ወር ለዩኒሴፍ ተሰጠ።

ለመብቱ የቆመ ተከራካሪ፦
ታሪኩን ግማሽ ላይ አቆሙት። ከትኬቱ የሚበልጠው፣ ከኮንሰርቱ የተቀረጸው አልበም ገቢ ለዓመታት ታግዷል፤ ዝግጅቱ አስቀድሞ በእርዳታ ድርጅት ስም ስላልተመዘገበ የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ይዞት ቆየ። የእኛ አገር ጣጣ ደግሞ ውሉ ላይ ነው። 500 ትኬት በ400 ብር ቢሸጥ 200,000 ብር ይሆናል። አዳራሽ፣ ድምፅ፣ መብራትና ጥበቃ 160,000 ቢወስዱና ውሉ «ከትርፉ 20 በመቶ» ቢል ለተረጂው የሚደርሰው 8,000 ብር ብቻ ነው። ተመልካቹ ግን የከፈለው ሁሉ ለተቸገሩት እንደሄደ አምኖ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ይህ ያሳዝነኛል።

ለኮንሰርቱ፦
«ከጠቅላላ ሽያጩ» ተብሎ ይጻፋ! ያኔ 40,000 ይሆናል። ገንዘቡ በተረጂው ድርጅት ሒሳብ ቁጥር ይግባ፤ ትኬቱ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፤ ሳይሸጥ የተረፈው ትኬት በምስክር ይቆጠር። ደግሞ የዘፈን መብት የአንድ ሰው አይደለም። ድምፃዊው «ሰጥቻለሁ» ቢል የግጥሙ፣ የዜማውና የቅንብሩ ባለቤቶች ካልፈረሙ የሰጠው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው።

ለመብቱ፦
ስለዚህ ስቱዲዮ ከመግባታቸው በፊት ድምፃዊውን ጨምሮ አራቱም ይፈርሙ። ዘፈኑ ከተወደደ በኋላ ፊርማ መለመን ከባድ ነው። አባ የተባለው የስዊድን የሙዚቃ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1979 የ«ቺኪቲታ»ን ገቢ ግማሽ ለዩኒሴፍ ሰጠ፤ ዘፈኑ በተሰማ ቁጥር ይከፍላል። የ«ፒተር ፓን» ደራሲ ጄ. ኤም. ባሪም እ.ኤ.አ. በ1929 መብቱን ለለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል አስተላልፎ እስከ ዛሬ ሆስፒታሉ ይጠቀማል። በእኛም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የትኛው ኮንሰርት ይህን ያህል ይዘልቃል?

ለኮንሰርቱ፦
ለሆስፒታል ይሁን፣ እስማማለሁ፤ ሆስፒታል ዘላቂ ገቢ ይፈልጋል። ለድርቅ ግን አይሆንም። በ77ቱ ድርቅ ምክንያት የተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985 ከለንደንና ከፊላደልፊያ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ሰው ስልክ እየደወለ ያንኑ ዕለት ለገሰ። የዘፈን ክፍያ ተሰልቶ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል፤ እህሉ ግን ዛሬ መጫን አለበት።