እርማት፦ ማየት የተሳነው ልጅ ቦርሳ ጠባቂ አይደለም

መምህር፣ ደብረ ብርሃን ላይ ስፖርት እንደሚያስተምሩ ገልጸው «ማየት የተሳነው ልጅ እንዳይጎዳ ጥግ ይዞ የጓደኞቹን ቦርሳ ይጠብቅ» ብለዋል። አሳቢነትዎ ይገባኛል። ግን ልክ አይደለም፤ ሰውም ይህንኑ እየተቀባበለ ይደግመዋል።

ኢትዮጵያዊቷ ሯጭ ያየሽ ጌቴ እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ፓራሊምፒክ (የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ) በ1500 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ጨርሶ ወይም ከሞላ ጎደል ማየት የተሳናቸው በሚወዳደሩበት ምድብ ነው። እዚያ ሯጯንና መሪዋን የሚያገናኛቸው አጭር ማሰሪያ ነው። ልጆቹም የጫማ ክር አጥፈው ጫፍና ጫፉን ይያዙ። መሪው አይጎትት፤ ጎን ለጎን ይሩጥ፣ መታጠፊያ ሲደርስ ቀድሞ ይናገር።

ኳስማ ከዚህም ይቀላል። ኳሱን በፌስታል ጠቅልለው ይሰሩት፤ ሲንከባለል ይንኮሻኮሻል። የእኛ አገር ንፋስ ድምፁን ስለሚውጠው ከክፍሎቹ ጀርባ፣ ከለላ ያለበት ቦታ ይምረጡ። ተመልካቹም ዝም ይበል። (ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው!)

ጥንቃቄ ካሉ አይቀር፣ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው። ዳውን ሲንድረም (አብሮ የሚወለድ፣ የአካልና የአእምሮ እድገትን የሚነካ ሁኔታ) ያለበትን ልጅ ሐኪም አንገቱን ሳያይለት በጭንቅላቱ እንዲገለባበጥ አያድርጉ። ሩጫውንና ቅብብሉን ግን አይከልክሉት።