ያለ ጥያቄ ማሰብን ላስተማሩን ምስጋና ይገባል

ሰሞኑን በሂሳዊና በፈጠራ አስተሳሰብ ላይ በተዘጋጀ ሥልጠና የመካፈል ዕድል ገጥሞኝ ነበር። አብዛኛው አንባቢ በዚህም ሆነ በዚያ መልኩ ዕድሉ እንደ ደረሰው ስለምገምት ስለ አዳራሹ፣ ስለ ፕሮጀክተሩና በአንገት ስለሚንጠለጠለው ባጅ በመዘርዘር ጊዜ አላጠፋም፤ በቀጥታ ወደ ምስጋናዬ አልፋለሁ። አሠልጣኙ መድረክ ላይ እንደ ወጡ መጀመሪያ የተናገሩት «እዚህ ቤት ሞኝ ጥያቄ የሚባል ነገር የለም» የሚል ነበር። አስከትለውም «ጥያቄ ያላችሁ ግን ለመጨረሻው ሰዓት አቆዩልን» አሉ። መጨረሻው ሲደርስ ሰዓቱ አልቆ ነበር። በዚህም አሠልጣኙ ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ ጥያቄ በሌለበት ቤት ሞኝ ጥያቄ ከየት ይመጣል?

ማሰብን ማስተማር አድካሚ ሥራ ነው እያሉ የሚያስፈራሩን ሰዎች ጥንትም ነበሩ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው ሥራው ማሰብ የሚጀምረው ሰው ግራ ሲጋባና ሲጠራጠር እንደ ሆነ፣ ቁም ነገሩም ፍርድን አዘግይቶ በመመርመር ላይ እንደሚገኝ ጽፎ ነበር። የዘመናችን ባለሙያዎች ይህን ሁሉ ጣጣ አስቀርተውልናል። ግራ የሚያጋባው ነገር ከመቅረቡ በፊት መልሱ በስላይድ ይመጣል፤ ስላይዱም ማንበብ ለሚችል ጎልማሳ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ድምፅን ከፍ አድርጎ ይነበባል፤ ፍርድን ማዘግየት ካስፈለገም የሻይ ዕረፍት አለ።

ከሁሉ አስበልጬ የማመሰግነው ግን ዘጠኙን ነጥቦች ነው። አንባቢ ያውቃቸዋል። ሦስት በሦስት ሆነው በካሬ ቅርጽ ይደረደሩና እስክሪብቶን ከወረቀት ሳያነሡ በአራት ቀጥታ መስመሮች አገናኟቸው ይባላል፤ መፍትሔው መስመሮቹን ከካሬው ውጭ አሳልፎ መመለስ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ አሠልጣኙ እጃቸውን ዘርግተው «ከሳጥኑ ውጭ ማሰብ ማለት ይህ ነው!» ይላሉ። እንቆቅልሹ እ.ኤ.አ. በ1914 በታተመ የእንቆቅልሽ ስብስብ ውስጥ ስለሚገኝ፣ የአዲስ አስተሳሰብ አርማችን ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያለፈ ነው ማለት ነው። በአዳራሹ ውስጥ መልሱን የማያውቅ ሰው ነበር ብዬ አላምንም። ሆኖም ሁሉም በጨዋነት አቀርቅሮ ግንባሩን ያሽ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት ሰው አራቱን መስመሮች በአንድ ትንፋሽ ሠርተው ወረቀቱን በክንዳቸው ከሸፈኑ በኋላ፣ አሠልጣኙ እንዳይከፋቸው በማለት የእስክሪብቷቸውን ክዳን እያኘኩ ወደ ጣሪያው ማየታቸውን ቀጠሉ። ፈጣሪነት ማለት ምናልባት ይኸው ነው፤ የሚያውቁትን ነገር አሳምሮ አለማወቅ።

ከኋላ ወንበር አንድ ሠልጣኝ እጁን አውጥቶ «በሦስት መስመርም ይቻላል» ባይል ኖሮ ሥነ ሥርዓቱ ባማረ ሁኔታ በተጠናቀቀ ነበር። ሰውየው እውነቱን ነበር። በሰሌዳው ወረቀት ላይ በወፍራም ማርከር የተሣሉት ነጥቦች ስፋት ስላላቸው፣ መስመሩን በጥቂቱ አዘንብሎ በመጀመሪያው ነጥብ አናት፣ በሁለተኛው መካከል፣ በሦስተኛው ግርጌ ማሳለፍ፣ ከዚያም ርቆ ሄዶ መመለስ ይቻላል፤ ሦስት ረጃጅም መስመሮች ይበቃሉ። አሠልጣኙ ፈገግ አሉና «ትእዛዙ አራት ነው የሚለው» አሉት። ሌላዋ ደግሞ «ወረቀቱ ቢታጠፍስ?» ብላ ጠየቀች። መታጠፍ አልተፈቀደም። ሦስተኛው፣ ነገሩ ደስ እያለው ሄዶ ይመስለኛል፣ ብሩሹ ሰፊ ከሆነ ዘጠኙንም በአንድ መስመር ማዳረስ እንደሚቻል አስረዳ። በዚህ ጊዜ አሠልጣኙ ሰዓታቸውን አይተው በታሪክ ሊመዘገብ የሚገባውን ቃል ተናገሩ፤ «እባካችሁ ከርዕሱ አንውጣ!»

ልብ በሉ፤ ከሳጥኑ ውጡ ያሉንም፣ ከርዕሱ አትውጡ ያሉንም እኚሁ ሰው ናቸው። ሳጥኑ የተፈቀደ መውጫ አለው፤ በዚያ በኩል፣ በአራት መስመር፣ ተራን ጠብቆ መውጣት ነው። በሌላ በኩል የወጣ ሰው ፈጣሪ ሳይሆን ረባሽ ይባላል። ነገሩን የበለጠ የሚያሳምረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ሮበርት ዋይስበርግና ጆሴፍ አልባ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚሁ እንቆቅልሽ ላይ ባደረጉት ሙከራ ያዩት ነው፤ «መስመሮቹን ከካሬው ማስወጣት ትችላላችሁ» ተብሎ በግልጽ ከተነገራቸው ሰዎች መካከል እንኳ አብዛኞቹ ሊፈቱት አልቻሉም። «ውጡ» ማለት ብቻውን ማንንም አያወጣም ማለት ነው። ይህ ሙከራ በስላይዱ ላይ አልነበረም፤ ቦታውን የሚያበራ አምፖል ሥዕል ይዞት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሐሳብ ማመንጨት ሆነ። በቡድን ተከፍለን ባለ ቀለም ቁርጥራጭ ወረቀት ታደለንና ማንም የማንንም ሐሳብ ሳይነቅፍ ያመጣውን ሁሉ ግድግዳው ላይ እንድንለጥፍ ተነገረን። ዘዴውን ያስፋፋው የማስታወቂያ ሰው የነበረው አሌክስ ኦስቦርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድነት የሚሠሩ አራት ሰዎችን ለየብቻ ተቀምጠው ከሚሠሩ አራት ሰዎች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ለየብቻ የሠሩት ሐሳብ ሲደመር በብዛቱ በለጠ። ኋላ እንደ ታየው አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ተራውን እየጠበቀ ያሰበውን ይረሳል፤ ወይም ይተወዋል። በእኛ ቡድን ይህ ችግር አልገጠመም፤ የሁላችንንም ሐሳብ በማዕረግ የሚበልጡን ሰው አስቀድመው አስበውልን ስለ ነበር እኛ የለጠፍነው የእሳቸውን ነው፣ በየቀለሙ።

ቀጥሎ ፒራሚዱ መጣ። ካነበብነው 10 በመቶ፣ ከሰማነው 20 በመቶ፣ ካየነው 30 በመቶ እያለ ወደ ታች የሚሰፋውንና በተግባር ከሠራነው 90 በመቶውን እንደምናስታውስ የሚነግረንን ማለቴ ነው። አንዲት ወጣት ሠልጣኝ ተነሥታ «እነዚህ አሃዞች ከየት ተገኙ? እንዴት ቢለካ ነው ሁሉም በአሥር የሚካፈሉት?» ብላ ጠየቀች። «በጥናት የተረጋገጠ ነው» የሚል መልስ ተሰጣት። «የማን ጥናት?» አለች። አሠልጣኙ ወደ አዳራሹ ዞር ብለው «እህታችን ዛሬ ልትፈትነን የመጣች ትመስላለች» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ልጅቷም ተቀመጠች።

ለአሃዞቹ መሠረት የሚሆን ጥናት የለም። ኤድጋር ዴል የተባለው የትምህርት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1946 የመማሪያ ልምዶችን በሾጣጣ ቅርጽ ሲያስቀምጥ አንድም መቶኛ አልጻፈበትም፤ ቁጥሮቹ በኋላ በሌሎች እጅ የተለጠፉ ናቸው። አሠልጣኙ ይህን አለማወቃቸው አላናደደኝም፤ ሰው ሁሉን አያውቅም፤ «አጣርቼ እነግርሻለሁ» ማለትም ማንንም አያዋርድም። ያናደደኝ ሳቁ ነው። በዚያ ቀን በዚያ አዳራሽ ሂሳዊ አስተሳሰብ ምን እንደሚመስል በተግባር ያሳየችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ለዚህም የተከፈላት በአደባባይ መሳቂያ መሆን ነው። እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ነገ አለቃዋ የተሳሳተ ሰነድ ሲያቀርብ፣ ሐኪም ያልገባትን መድኃኒት ሲያዝላት፣ የልጇ መምህር ያልሆነውን ነው ሲላት ይህን ሳቅ እያስታወሰች ዝም ብትል ማን ነው የሚጠየቀው? ሰውን እንዲህ እየሰበሩ የማሰብ ክህሎት አዳበርን ማለት ነውር ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ይህ ጥበብ የሥልጠና አዳራሽ ብቻ ሀብት እንዳልሆነም ልመስክር። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባወጣችው ጥናት፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደ ሆነ፣ ይህ ጊዜ ወደ ሦስት ሰከንድ ሲደርስ ግን የተማሪዎች መልስ እየረዘመ፣ ምክንያት እየታከለበት፣ የራሳቸው ጥያቄም እየበዛ እንደሚሄድ አሳይታለች። እንግዲህ ሁለት ሰከንድ ነው የተጠየቅነው። ደግነቱ አልሰጠንም፤ ብንሰጥማ ልጆቹ መጠየቅ ይጀምሩ ነበር፣ ከዚያ ምዕራፉ አያልቅም። በየመሥሪያ ቤቱም «አዲስ ሐሳብ ይዛችሁ ኑ» ብለው የሚሰበስቡንና የመጣውን ሐሳብ ሁሉ «ሌላ ቦታ ተሞክሯል ወይ?» በሚል ጥያቄ የሚሸኙ ኃላፊዎች ምስጋናው አይቅርባቸው። ያልተሞከረ ከሆነ አደገኛ ነው፤ የተሞከረ ከሆነ አዲስ አይደለም።

አዘጋጆቹ ከሥልጠናው ስላስቀሩት ነገርም ሊመሰገኑ ይገባል። ፒተር ዋሰን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው አንድ ሙከራ አለ፤ በማንኛውም አዳራሽ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያለ አንዳች ወጪ ሊደገም ይችላል። 2፣ 4፣ 6 የሚሉት ቁጥሮች አንድን የተደበቀ ሕግ እንደሚያሟሉ ይነገራችኋል፤ እናንተም ሌሎች ሦስት ሦስት ቁጥሮችን እየጠራችሁ «ያሟላል» ወይም «አያሟላም» እየተባላችሁ ሕጉን ትደርሱበታላችሁ። ብዙ ሰው 8፣ 10፣ 12 ይላል፤ ያሟላል። 20፣ 22፣ 24 ይላል፤ ያሟላል። ከዚያ «በሁለት ሁለት የሚጨምሩ ቁጥሮች» ብሎ በልበ ሙሉነት ይመልስና ይሳሳታል፤ ምክንያቱም ሕጉ ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚሄዱ ማናቸውም ቁጥሮች የሚል ነው፤ 1፣ 2፣ 50ም ቢሆን ይገባል። ግምቱን ሊያፈርስበት የሚችል ቁጥር የጠራ ሰው ይደርስበታል፤ ግምቱን ሊያጸናለት የሚችለውን ብቻ የጠራ አይደርስበትም። ይህ በአዳራሻችን ቢሞከር ኖሮ ምን ይከተል እንደ ነበር አስቡት። በማዕረግ የሚበልጡን ሰው በሁላችን ፊት ሊሳሳቱ፣ በሦስት መስመር ያለው ሰውዬ ደግሞ ሊያገኘው ይችል ነበር። ስለዚህ በምትኩ ተነሥተን እጃችንን ዘርግተን በማጨብጨብ ተነቃቃን።

መዝጊያው ፈተና ነበር። «ከሚከተሉት ውስጥ የፈጠራ አስተሳሰብ ያለው ሰው መለያ የቱ ነው? ሀ) ብዙ አማራጮችን ያያል፤ ለ) የተለመደውን ይጠይቃል፤ ሐ) ስሕተትን አይፈራም፤ መ) ሁሉም»። ትክክለኛው መልስ አንድ ነው፤ «መ»። «ለ»ን መርጠው ምክንያታቸውን በጠርዙ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት ያብራሩ አንድ ሰው ዜሮ ተሰጣቸው፤ ከፊደሉ ሌላ መጻፍ እንደማይፈቀድም ተነገራቸው። ከፈተናው ጋር የታደለን የአስተያየት ቅጽ «እጅግ በጣም ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ» እና «ጥሩ» የሚሉ ሦስት ሳጥኖች ስለ ነበሩት፣ ያልተደሰተ ሠልጣኝ ቢኖር እንኳ የቱጋ ምልክት እንደሚያደርግ ሳያውቅ ተደስቶ ወጥቷል። የማጠቃለያ ሪፖርቱ፣ ቅጾቹ ሳይሰበሰቡ በመድረክ ላይ እንደ ተነበበው፣ ሠልጣኞቹ ያነሡት ጥያቄ እጅግ ጥቂት መሆኑን ትምህርቱ በሚገባ ለመጨበጡ ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል፤ ለሁለተኛው ዙር ከፍተኛ ሥልጠናም ሥነ ሥርዓት አክብረው የተከታተሉ ብቻ እንደሚመረጡ ያስታውቃል።